ሐተታ ዘዘርዐ ያዕቆብ እና የነጻ ፈቃድ ክርክራችን

በሰንበት ትምህርት ቤትም ሆነ በወንጌላውያን የወጣቶች ጉባኤ፣ ጥያቄ ያለው በወረቀት ጽፎ ያቀብል ሲባል አንድ ጥያቄ ሳይመጣ አይቀርም፦ እግዚአብሔር አዳም እንደሚበድል እያወቀ ለምን ፈጠረው? መልኩን እየቀያየረ ይመጣል። አንዱ ስለ ይሁዳ ይጠይቃል፤ ሌላው ስለ ፈርዖን ልብ መደንደን፤ ሌላው ደግሞ ዔሳው ሳይወለድ ስለ መጠላቱ። መልሱ ግን አይለዋወጥም። መምህሩ ስለ አንድ ሰነፍ ተማሪና ስለ አስተማሪው ያወራል። አስተማሪው ልጁ በፈተና እንደሚወድቅ ከወዲሁ ያውቃል፤ የጣለው ግን የአስተማሪው ማወቅ ሳይሆን የልጁ ስንፍና ነው። እግዚአብሔርም እንዲሁ ያውቃል እንጂ አያስገድድም ይባልና ወደሚቀጥለው ወረቀት ይታለፋል።

በዚህ ምሳሌ ላይ ጥቂት መቆየት እፈልጋለሁ፤ ምክንያቱም የአማርኛው ዕቅበተ እምነት ጠባይ ሁሉ እሱ ውስጥ ይታያል። ከመጠን በላይ የተመሰገነ ምሳሌ ነው። አስተማሪ የተማሪውን ውድቀት የሚያውቀው በግምት ነው፤ ልጁ ሌሊቱን ሲያጠና አድሮ በማግሥቱ ሊያሳፍረው ይችላል። የእግዚአብሔር ዕውቀት ግን ግምት ነው የሚል ከሁለቱም ወገን አንድም ሰው የለም። ከዚህም የባሰው፣ አስተማሪው ልጁን አልፈጠረውም። የጠያቂው ጭንቀት ያለው ግን እዚያው ላይ ነው። “ማወቁ አስገደደ ወይ” ብሎ አልጠየቀም፤ “እያወቀ ለምን ፈጠረ” ነው ያለው። ምሳሌው ከጥያቄው ውስጥ መፍጠርን አውጥቶ ይጥልና የተረፈውን ይመልሳል። ጠያቂው መልስ እንዳላገኘ ይሰማዋል፤ የት ላይ እንደተሸወደ ግን ለይቶ መናገር ያቅተዋል፤ ዝም ይላል፤ ዝምታውም እንደ መርታት ይቆጠራል።

ሦስተኛው ስብራት ከሁለቱ ይልቅ ያሳስበኛል። በምሳሌው ውስጥ ልመና የለም። አስተማሪው ውጤቱን ለጥፎ ይሄዳል፤ ልጁም ዕጣውን አይቶ ይመለሳል። በዚህ አገር ግን ስለ እግዚአብሔር ፈቃድ የሚጠይቅ ሰው ሁሉ የሚጸልይ ሰው ነው። ዳዊት እየደገመ ያደገ፣ ስእለት የተሳለ፣ የታመመ ልጅ ጠበል ይዞ የወረደ ወይም ሌሊቱን በጸሎት ያደረ ሰው ነው። የተወሰነ ነገር በጸሎት ይለወጣል ወይ? ካልተለወጠ ለምን እንጸልያለን? ከተለወጠስ ቀድሞውኑ ተወስኖ ነበር ማለት ይቻላል? ስለ ሉዓላዊነትና ስለ ነጻ ፈቃድ የምንለው ሁሉ እዚህ ላይ መፈተን ነበረበት።

በወንጌላውያኑ በኩል ያለው ክርክር የተሻለ ሥርዓት አለው። የመካነ ኢየሱስ ሰው ሉተር እ.ኤ.አ. በ1525 ለኤራስመስ የሰጠውን መልስ ያውቃል፤ የካልቪንን መስመር የያዘው አምስቱን ነጥቦች በጣቱ ይቆጥራል፤ አርሚንዮስን የሚከተለውም ለእያንዳንዱ ነጥብ መልስ አለው። ጥራቱን አከብራለሁ። ነገር ግን አምስቱ ነጥቦች እ.ኤ.አ. ከ1618 እስከ 1619 በሆላንድ ከተማ በዶርት የተቀመጠው ሲኖዶስ ለራሱ ጠብ ያበጃቸው ናቸው። በእኛ አገር ሰው ልብ ውስጥ ያለው የመወሰን አሳብ ሌላ ነው፤ የአርባ ቀን ዕድል ነው። ልጅ ክርስትና በሚነሣበት ሰሞን ዕጣ ክፍሉ ይጻፋል፣ ከተጻፈም አይፋቅም የሚለው አሳብ ከማንኛውም ሲኖዶስ ይልቅ በእናቶቻችን አፍ ይኖራል። አምስቱን ነጥቦች በቃሉ የሚወጣ ወጣት ስለዚህኛው ምን እንደሚል ስትጠይቁት የሚያነሣው መጽሐፍ የለውም።

በግእዝ የተጻፈና ለዚህ ጥያቄ እጅግ የቀረበ አንድ ሥራ ግን አለን፤ ሐተታ ዘዘርዐ ያዕቆብ። ዐቃብያነ እምነታችን ከኦርቶዶክሱም ከወንጌላዊውም ወገን አያነሡትም። ጾምንና ምንኩስናን ስለነቀፈ፣ ተአምራትንም ስለተጠራጠረ የቤተ ክርስቲያን መምህራን እንደ መናፍቅ መጽሐፍ ትተውታል፤ ለመተዋቸውም ምክንያት አላቸው። የዩኒቨርሲቲ ሰዎች ደግሞ የአፍሪካ ዴካርት ብለው ያነግሡታል፤ ያነገሡት ግን ከጸሎቱ ነጥለው ነው። የቀሩት ፊሎሎጊስቶቹ ናቸው፤ እነሱ የሚጠይቁት ማን ጻፈው ብቻ ነው። በሦስቱ መካከል መጽሐፉ ራሱ የሚለው ነገር ሳይመዘን ቀረ።

የመጽሐፉ ቦታ ለፎገራ ሰው ሩቅ አይደለም። ከአንበሳሜ ወርዶ ሐሙሲት ላይ ዋናውን የጎንደር መንገድ የያዘ ሰው ወረታንና አዲስ ዘመንን አልፎ እንፍራንዝ ይደርሳል። በሐተታው ትረካ መሠረት ተራኪው ዘርዐ ያዕቆብ ሸሽቶ ከተቀመጠበት ከተከዜ ዋሻ ወጥቶ ኑሮውን የመሠረተው፣ ሀብቱ የተባለውን ሰው ልጆች ያስተማረው፣ ሚስት ያገባውና መጽሐፉን የጻፈው እዚያ ነው። መጽሐፉ በኋላ ዘመን የተገኘበት ቤተ ልሔምም፣ በድጓው የታወቀው ቤተ ልሔም፣ እዚሁ ደቡብ ጎንደር፣ ጋይንት ውስጥ ነው። የካፑቺኑ መነኩሴ ጁስቶ ዳ ኡርቢኖ እ.ኤ.አ. በ1850ዎቹ መጀመሪያ ከዚያ ሆኖ ለአንትዋን ዳባዲ ቅጂውን ላከ። ኤኖ ሊትማን እ.ኤ.አ. በ1904 አሳተመው። ካርሎ ኮንቲ ሮሲኒ እ.ኤ.አ. በ1920 የጻፈው ጁስቶ ራሱ ነው ብሎ ተነሣ፤ የጁስቶ የትውልድ ስሙም ያዕቆብ መሆኑን አነሣ። ክላውድ ሰምነር እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ለኢትዮጵያዊው ተከራከረ፤ አናይስ ቪዮን እ.ኤ.አ. በ2013 የኮንቲ ሮሲኒን ክስ በአዲስ ማስረጃ አጠነከረች፤ ጌታቸው ኃይሌ ደግሞ ቀድሞ ከነበራቸው ጥርጣሬ ተመልሰው እ.ኤ.አ. በ2017 የኢትዮጵያዊ ድርሰት ነው ወደሚለው አዘነበሉ።

እኔ በዚህ ጽሑፍ ለማንኛቸውም አልፈርድም። አንድ ነገር ግን ይታየኛል። ደራሲው የአክሱም ሰው ቢሆን ወይም በቤተ ልሔም የተቀመጠ ጣልያናዊ፣ መጽሐፉ የተሠራበት ዳዊት የአብነት ትምህርት ቤቱ ዳዊት ነው። ክርክሩ የተፈተለው ከዚያ ነው። ስለዚህ ክርክሩ ልክ ነው ወይስ ስሕተት የሚለው ከደራሲው ማንነት ተለይቶ መመርመር ይችላል፤ መቶ ዓመት ሙሉ ግን አልተመረመረም።

የዘመኑ ታሪክ ለአንባቢ አዲስ አይደለምና ባጭሩ ልለፈው። አፄ ሱስንዮስ እ.ኤ.አ. በ1622 የካቶሊክን ሃይማኖት በይፋ ተቀበሉ፤ ከወይና ደጋ ጦርነት በኋላ በ1632 ሕዝቡ ወደ ቀድሞ ሃይማኖቱ እንዲመለስ ዐወጁ። በመካከሉ ስለ አንድና ሁለት ባሕርይ የተጻፈው ብዙ ነው፤ የኢየሱሳዊው አንቶንዮ ፈርናንዴዝ መቅሠፍተ ሐሰታት እ.ኤ.አ. በ1642 በጎዋ እስከ መታተም ደርሷል። እዚህ ላይ በአማርኛ ሲነገር ሰምቼው የማላውቀው ጉዳይ አለ። በጣና ዳር ጎርጎራ ላይ የሰፈሩት ኢየሱሳውያን የመጡት ስለ ነጻ ፈቃድ ከዶሚኒካውያን ጋር አንገት ለአንገት ከተናነቀ ማኅበር ነው። ሉዊስ ደ ሞሊና የእግዚአብሔርን ቅድመ ዕውቀትና የሰውን ነጻነት ያስታረቀበትን መጽሐፍ እ.ኤ.አ. በ1588 አውጥቷል፤ ሮም ነገሩን ዓመታት መርምራ ጳጳሱ ጳውሎስ አምስተኛ በ1607 ማንንም ሳይረቱ ክርክሩን ዘጉት። ኢየሱሳዊው ፔድሮ ፓኤዝ ኢትዮጵያ የገባው በ1603፣ ክርክሩ ገና ሳይበርድ ነው። ሆኖም ጎርጎራ ላይ ይህ ጥያቄ የጠብ ምክንያት አልሆነም። ለምን? ሊቃውንታችን ዮሐንስ አፈ ወርቅን ተከትለው እግዚአብሔር ያውቃል እንጂ አያስገድድም ይሉ ነበር፤ እንግዶቹም በዚህ ላይ የሚነቅፉት አላገኙም። ቀደም ሲል አባ ሚካኤል የሚባል ኢትዮጵያዊ ዲያቆን እ.ኤ.አ. በ1534 ዊተንበርግ ድረስ ሄዶ ከሉተር ጋር ተነጋግሯል፤ ከዚያ ውይይት የሚታወሰውም ስለ ቅዳሴና ስለ እምነት መስማማታቸው ነው። ጥያቄው በሁለቱም በር ደርሶ ሳይገባ ተመለሰ። በስምምነት የታለፈ ጥያቄ ደግሞ አይበስልም። ዛሬ በተማሪና በአስተማሪ ምሳሌ የምንወጣው ለዚህ ይመስለኛል፤ ከባድ ተከራካሪ አልገጠመንም ነበርና።

በሐተታው ግን ጥያቄው ከሊቃውንት ጉባኤ ሳይሆን ከአንድ ሰው መከራ ይነሣል። ዘርዐ ያዕቆብ በአክሱም መጽሐፍ ሲተረጉም ፈረንጆች እንዲህ ይላሉ፣ ግብጻውያን ደግሞ እንዲህ ይላሉ እያለ ሁለቱንም ያቀርብ ነበር፤ የትኛው እንደሚሻል አይፈርድም። ይህ በመሠረቱ የአንድምታ መምህር አቋም ነው። በዚህም ሁለቱም ወገን ጠሉት፤ ወልደ ዮሐንስ የሚባል ሰው በንጉሡ ዘንድ ከሰሰው፤ ጥቂት ወርቅና ዳዊቱን ይዞ ሸሸ፤ ሁለት ዓመት በዋሻ ተቀመጠ። እዚያ ዳዊቱን እየደገመ ሳለ አንድ ቀን ልቡ ያመፀበታል። በእግዚአብሔር ስም ይህ ሁሉ ክፋት ሲሠራ የሚሰማ አለ ወይ? ካለስ ለምን ዝም ይላል?

እዚህ ላይ የሚያደርገውን ቀረብ ብሎ ማየት ይገባል፤ የመጽሐፉ ትልቅ ብልሃት እዚህ ነው። ጥርጣሬው የመጣው ከዳዊት ነው፤ ሰው ሁሉ ሐሰተኛ ነው የሚለውን የመዝሙሩን አሳብ በምሬት ከያዘ በኋላ ነው ወደ ሰማይ ያጉረመረመው። መልሱም ከዚያው ዳዊት ይመጣል፤ ጆሮን የሠራ ራሱ ሳይሰማ ይቀራል ወይ ከሚለው የመዝሙሩ ጥያቄ። ግን እንዴት እንደተጠቀመበት ተመልከቱ። በስብከታችን ጥቅስ ሲመጣ ክርክር ያበቃል፤ ተጽፏልና ይባላል። ዘርዐ ያዕቆብ እንዲህ አያደርግም። መዝሙረኛው መልሱ ግልጽ ነው ብሎ ጠይቆ ያለፈውን ጥያቄ፣ ማንም ገና እንዳልመለሰው አድርጎ ከምሩ ይይዘዋል። ጆሮ ያለኝ እኔ ነኝ፤ ጆሮዬን ማን ሰጠኝ? አባትና እናቴ ናቸው? እነርሱንስ ማን ሠራቸው? ወደ ኋላ እየሄደ ያልተፈጠረ ፈጣሪ ላይ ይደርሳል፤ ሰሚና ዐዋቂ ፍጡር ያደረገኝ እርሱ ሰሚና ዐዋቂ ሳይሆን አይቀርም ብሎ ይቆማል። ጥቅሱ ክርክሩን አልዘጋም፤ ከፈተው። በመጨረሻም ዳዊት እውነተኛ መሆኑ የሚረጋገጠው ስለተጻፈ ሳይሆን በልቡና ተመርምሮ ስለጸና ነው።

ይህ ከቀድሞዎቹ የእምነት ጥብቅናዎቻችን ጋር ሲነጻጸር አዲስነቱ ይታያል። እጨጌ ዕንባቆም እ.ኤ.አ. በ1540 ለኢማም አሕመድ የጻፉት አንቀጸ አሚን ታላቅ መጽሐፍ ነው፤ ከየመን የመጡና ከእስልምና የተመለሱ ሰው በመሆናቸው የተከራካሪያቸውን ቁርአን ራሱን ምስክር አድርገው ይጠሩታል። ብልሃቱ ግን የምስክር ብልሃት ነው፤ ተከራካሪው ራሱ የሚያምነው መጽሐፍ ይመሰክርበታል፣ ነገሩም ይፈጸማል። በዋሻው ውስጥ ግን ተከራካሪ የለም። ጠያቂውም መላሹም አንድ ሰው ነው፤ ሊያሸንፈው የሚፈልገውም የራሱን ተስፋ መቁረጥ ነው።

ወደ ነጻ ፈቃድ የሚወስደውም ይኸው ጸሎት ነው። ሐተታው ሰው በግብሩ ላይ ባለቤት ሆኖ ተፈጠረ ይላል፤ ደግ ወይም ክፉ መሆን በእጁ ነው፤ እግዚአብሔር ለክፋት አልፈጠረውም፤ እንደ ምርጫውም ዋጋውን ይቀበላል። ለብቻው ሲነበብ ይህ ከማንኛውም የትምህርተ ሃይማኖት መጽሐፍ የሚገኝ ነው። የሚለየው ከየት እንደመጣ ነው። ይህን የሚለው ሰው ጥቂት ቀደም ብሎ እግዚአብሔርን ልባም አድርገኝ፣ እውነቱን ግለጽልኝ ብሎ ለምኗል። ነጻ ነው የሚለውን ልቡናውን ራሱን እግዚአብሔር ገብቶ እንዲሠራበት እየጠየቀ ነው። ከዚያ በኋላ ግን ብርሃን እስኪወርድለት አይጠብቅም፤ ራሱ ማሰብ ይጀምራል። ልመናውና ምርመራው በአንድ ትንፋሽ ይሄዳሉ።

እኔ ከዚህ የማነብበው ይህን ነው፦ የሚለምን ሰው ሁለት ነገር ሳያምን አይለምንም። የሚለምነው ጌታ ማድረግ የሚችል መሆኑን ማመን አለበት፤ አለዚያ ልመናው ከንቱ ነው። እርሱ ራሱም በጉዳዩ ድርሻ ያለው፣ የሚጠየቅ ሰው መሆኑን ማመን አለበት፤ አለዚያ የሚለምን አፍ አይኖረውም። ሉዓላዊነትና ነጻ ፈቃድ በጉባኤ ወረቀት ላይ ይጋጫሉ፤ በሚጸልይ ሰው ውስጥ ግን አንዱ ያለ ሌላው አይቆምም። ሐተታው ይህን በደረቅ ቃል አልደነገገም፤ በአካሄዱ ግን አሳይቷል። ዘርዐ ያዕቆብን በደረቅ አመክንዮ ብቻ የሚመራ ፈላስፋ ያደረጉት ምሁራን ግማሹን መጽሐፍ ቆርጠው ጥለዋል የምለው ለዚህ ነው። እ.ኤ.አ. በ1637 ዘዴውን ካሳተመው ዴካርት ጋር ቢያመሳስሉትም፣ የዴካርት ክፍል ውስጥ ዳዊት የሚደግም ሰው የለም።

ጉድለቱ ግን ትንሽ አይደለም፤ ወዳጆቹም ሸፋፍነውታል። ሐተታው ክፋትን ሲያስረዳ እጅግ ይቀለዋል። ሰዎች ሐሰት የሚቀበሉት ለመመርመር ስለሚሰንፉ ነው፤ ሐሰተኞች ሐሰት የሚናገሩት ሀብትና ክብር ፈልገው ነው ይላል። ይህ ስለ ወልደ ዮሐንስ ይበቃ ይሆናል። ግን ዛሬ በንጉሥ ዐዋጅ ሃይማኖት ለውጥ ተብሎ ነገ በሌላ ዐዋጅ ተመለስ ለተባለ ገበሬ፣ በወይና ደጋ ለወደቀውም፣ የመመርመር ስንፍና ነው ያጠፋህ ማለት ይቻላል? ምርጫ በሰይፍ ሥር ምን ዓይነት ምርጫ ነው? የመጻሕፍትን ትርጓሜ ዐሥር ዓመት ተማርሁ የሚል ሰው ስለ ሸክላ ሠሪውና ስለ ጭቃው የሮሜን ዘጠነኛ ምዕራፍ አይታገልም፤ ፈርዖንን አያነሣም። ጸጋ የሚባለው ነገር፣ ሰው ራሱ ሊያደርገው ያልቻለውን የሚያደርግለት ኃይል፣ በሥርዓቱ ውስጥ ጠባብ ስፍራ ነው ያለው። ነጻነትን ይናገራል፤ የታሰረ ፈቃድን አያውቅም። በዚህ ረገድ የሉተር ተማሪ ቢነቅፈው ነቀፋው ትክክል ነው፤ ያ ነቀፋ በአማርኛ ተጽፎ ባነብብ ደስ ይለኝ ነበር።

ነገር ግን ይህን ሁሉ ካልሁ በኋላ ኂሩት ያለችበትን ገጽ ሳነብ ፍርዴ ይለዝባል። ዘርዐ ያዕቆብ እንፍራንዝ በሀብቱ ቤት ተቀምጦ ለማግባት ባሰበ ጊዜ የቤቱን አገልጋይ ኂሩትን ይመርጣል። መልከ መልካም አይደለችም፤ ደግ፣ ልባምና ታጋሽ ናት ይለናል። ለሀብቱ ሲነግረው ጌታዋ ከእንግዲህ ያንተ አገልጋይ ትሁን ይላል። እርሱ ግን አገልጋይ እንድትሆነኝ አልፈልግም፣ ሚስቴ እንድትሆን እንጂ፤ ባልና ሚስት እኩል ናቸው ብሎ ይመልሳል። በዘመኑ ልማድ ነገሩ እዚህ ላይ ሊያልቅ ይችል ነበር፤ ሁለት ወንዶች ተስማምተዋል፤ የሰጪም የተቀባይም ጉዳይ አልቋል። እርሱ ግን ወደ እርሷ ሄዶ ራሷን ይጠይቃታል። እሺ ትላለች።

ሐተታው ከአምላክ ቀጥሎ ስለ ፈቃድ የተናገረው ትልቁ ነገር ይህ ነው። ፈጣሪ ሳያስገድድ የሚጠይቅ ከሆነ ሰውም ሳያስገድድ መጠየቅ አለበት፤ ባለ መብት ሆኖ ሳለ እንኳ። አገልጋይቱ የምትመልስ ሰው ናት። በግእዝ ስለ ነጻ ፈቃድ ከተጻፈው ያነበብሁት ሁሉ ተሰብስቦ ይህን አጭር ንግግር አያህልም። የመጽሐፉ ደራሲ ማንም ይሁን ማን፣ ይህን የጻፈ ሰው ጥያቄውን በአጥንቱ ያወቀ ነው።

ወደ ፎገራ ልመለስ። ክረምት ሲገባ ርብና ጉማራ ከአፋቸው ወጥተው ሜዳውን ይሸፍናሉ። የጎርፉ ጊዜ ሲመጣ በወረታም በአንበሳሜም የሚሰማው ቃል ያው ነው፤ እግዜር ያመጣውን እግዜር ይመልሰው። ይህን የሰማ ሰባኪ ገበሬው ዕድል አምላኪ ነው ብሎ ይፈርድበታል፤ ስለ አርባ ቀን ዕድልም አብሮ ይወቅሰዋል። ግን ያው ገበሬ ከደርግ ዘመን ወዲህ ውኃ የሚተኛበትን መሬት ሩዝ ዘርቶበታል። ኤክስ ጂግና የሚባለው ዝርያ ስሙን ያገኘው ከዚያው ከጂግና ቀበሌ ነው፤ ዛሬ ወረታ ላይ የፎገራ ብሔራዊ የሩዝ ምርምርና ሥልጠና ማዕከል ቆሟል። ሩዙን የዘራው ገበሬ የእግዚአብሔርን ፈቃድ ተቃወምሁ አይልም፤ እግዚአብሔር ባይፈቅድ አይበቅልም ነው የሚለው። ውኃውን ከእግዚአብሔር ተቀበለ፤ የዘሩን ምርጫ ከራሱ። ችግኙን በጭቃ ውስጥ ጎንበስ ብሎ ሲተክል ይጸልያል፤ ሲጸልይም ይተክላል። ሰውየው የሚናገረው የዕድል ቃል ነው፤ የሚኖረው ግን የሐተታውን ትምህርት ነው። ሰባኪው የሰማው አፉን ብቻ ነው።

የአርባ ቀን ዕድል በመጽሐፍ ቅዱስ ጥቅስ ሊነቀል ሲሞከር የማይነቀለው በዚህ ምክንያት ይመስለኛል። ሰዎች ያንን ቃል የሚይዙት ራሳቸውን ከኃላፊነት ለማውጣት ብቻ አይደለም። ልጅ የሞተባት እናት ዕድሉ ነው ስትል በልጇ ሞት ላይ ራሷን ከመክሰስ እያዳነች ነው። ለዚህች ሴት የተማሪውንና የአስተማሪውን ምሳሌ መናገር ጭካኔ ነው። አምስቱን ነጥቦች መቁጠርም እንዲሁ። ዐቃቤ እምነት መጀመሪያ የሚያስፈልገው በዋሻው ውስጥ እንዳለው ሰው ጥያቄውን ከራሱ አፍ አውጥቶ፣ የሚሰማ አለ ወይ ብሎ መጮኽ ነው። ከዚያ በፊት የሚመጣ መልስ ሁሉ የሌላ ሰው ጥያቄ መልስ ነው።

ሐተታው ኑፋቄ አለበት፤ ይህን የሚሉ መምህራን ትክክል ናቸው፤ ለምእመናን ሁሉ ይታደል አልልም። ጥንተ ድርሰቱም ገና ያከራክራል። ነገር ግን ኑፋቄ ያለበትን መጽሐፍ እየመረመሩ መመለስ የአባቶቻችን ልማድ ነበር፤ አባ ጊዮርጊስ ዘጋሥጫ መጽሐፈ ምሥጢርን የጻፉት የመናፍቃንን ቃል አንድ በአንድ እያነሡ በመመለስ ነው። በአዲስ አበባ በቅድስት ሥላሴም ሆነ በመካነ ኢየሱስ ሴሚናሪ ስለ ነጻ ፈቃድ የምታስተምሩ መምህራን ሆይ፤ ሐተታውን ከአፈ ወርቅና ከሉተር አጠገብ በጠረጴዛው ላይ አኑሩት። ተማሪው የዋሻውን ጸሎት ያንብብ፤ ከዚያም ስለ ጸጋ የጎደለውን ይንገራችሁ። የአማርኛ ትርጉሙ ከአባቶቻችን ዘመን ጀምሮ ታትሞ አለ፤ ለማግኘት የሚያስቸግር መጽሐፍ አይደለም።